ታመው ሳሉ መልቀቂያ አይጻፉ

በሐመር ወረዳ፣ በአርቦሬና በዙሪያው በወር ደመወዝ የሚያድር ሰው ጥቂት ነው። ቱርሚ ወይም ጂንካ ሎጅ ውስጥ እንግዳ የሚቀበል አለ፤ በወይጦ ሸለቆ የጥጥ እርሻ ላይ ሒሳብ የሚይዝ አለ፤ ለእርዳታ ድርጅት ከመንደር መንደር እየዞረ የሚመዘግብ አለ። ዝናቡ ሲቀርና ከብቱ ሲያልቅ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው በዚያች ደመወዝ ላይ ነው። ከላይ አለቃ፣ ከታች ቤተሰብ ሲጫኑት የኖረ ሰው አንድ ቀን እንቅልፍ ያጣል፤ ምግብ አልበላ ይለዋል፤ የለመደው የደረሰኝ ቁጥር ይምታታበታል፤ የስልክ ጥሪ በሰማ ቁጥር ልቡ ይመታል። ያን ጊዜ «በቃኝ» ብሎ በአንድ ወረቀት መልቀቂያ ጽፎ ይወጣል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያቺን ወረቀት እንዳይጽፉ ነው። ሕጉ ለታመመ ሠራተኛ የሰጠው ጥቅም በአብዛኛው የሚጠበቀው የሥራ ውሉ እስካለ ድረስ ነው። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ የሚባለውም የሚመጣው ውሉን አሠሪው ሲያቋርጥ ነው። ራስዎ ከለቀቁ ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታው ወደ እርስዎ ይዞራል፦ 30 ቀን አስቀድመው ማሳወቅ አለብዎ። ሳያሳውቁ ከወጡ ደግሞ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሳ ከቀሪ ሒሳብዎ ሊቆረጥ ይችላል። የታመመ ሰው ሥራውን አጥቶ በላዩ ባለዕዳ ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

መጀመሪያ፦ የትኛው ሕግ እንደሚመለከትዎ ይለዩ

የግል ድርጅት፣ የእርሻ፣ የሎጅ ወይም የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ከሆኑ የሚገዛዎ ነሐሴ 30 ቀን 2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ሌላ ሕግ ለይቼ ካልጠቀስሁ በቀር ከዚህ በታች የማነሣቸው አንቀጾች ሁሉ የዚህ አዋጅ ናቸው። መምህር፣ የግብርና ባለሙያ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሆኑ ግን የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ይመለከትዎታል፤ የሕመም ፈቃዱ ርዝመትም ክፍያውም ይለያል። ጥያቄዎን ይዘው ወደ ወረዳው ፐብሊክ ሰርቪስ ይሂዱ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ወይም ሌላ የሥራ መሪ ከሆኑም፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ከሆኑም ይህ አዋጅ አይሸፍንዎትም።

«የጽሑፍ ውል የለኝም» ብለው ተስፋ አይቁረጡ። ውሉ በቃል የተደረገ ከሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዝርዝር በጽሑፍ ሊሰጥዎ ይገባ ነበር፤ አለመስጠቱ የእርስዎን መብት አያስቀርም። የደመወዝ መቀበያ ፔሮል፣ የባንክ ዝርዝር፣ መታወቂያ፣ አብረው የሠሩ ሰዎች ምስክርነት ሁሉ ያገለግላል። ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ካሉ ግን ይጠንቀቁ። በአዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ የሕመም ፈቃድ መብት የሚጀምረው ግን ያ ካለቀ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፦ ከሐኪም የሚያመጡት ወረቀት

ብዙ ሰው ሐኪም ፊት ቀርቦ «ሥራ በዝቶብኝ ደክሞኛል» ይላል፤ ሐኪሙም ቫይታሚን ጽፎ ይሸኘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ ከሥራ ጫና የሚመጣን መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ይለዋል እንጂ በበሽታነት አይመዘግበውም። ድብርትና የጭንቀት ሕመም ግን በሽታዎች ናቸው። ስለዚህ ለሐኪሙ ድካምዎን በአንድ ቃል ከመጠቅለል ይልቅ የሚሰማዎትን በዝርዝር ይንገሩ፦ እንቅልፍ ካጡ ስንት ሳምንት እንደሆነ፣ ምን ያህል ክብደት እንደቀነሱ፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ እንዳለ፣ ልብ መምታት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ መኖርን እስከ መጥላት የሚያደርስ ሐሳብ። ይህን የመጨረሻውን በምንም ዓይነት አይደብቁ። የሚደበቅ ነገር ቢሆንማ ሕክምና ባላስፈለገው።

አዋጁ የሚቀበለው ከታወቀ የጤና ተቋም የተሰጠ የሕክምና ማስረጃ ነው። ጸበል ቢሄዱም፣ ሽማግሌ ቢመርቅዎም መልካም ነው፤ አሠሪው ጋ የሚያስቆጥረው ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው። በአቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ ይጀምሩና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ያጽፉ፤ ለአርቦሬ ሰው መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ በወይጦና በቀይ አፈር አድርጎ ወደ ጂንካ ነው። ወረቀቱን ከመስኮት ከመነሣትዎ በፊት ያንብቡት። ስምዎ በውልዎ ላይ እንዳለው ተጽፏል? ዕረፍቱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ነው? ፊርማና ማኅተም አለው? ሎጆችና የእርዳታ ድርጅቶች ደብዳቤያቸውን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ጤና ተቋሙ በእኛ አቆጣጠር ስለሚጽፉ፣ በቀን መዛነፍ «ያለ ፈቃድ ቀርቷል» የሚል ክርክር ይነሣል። ሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፍ ይጠይቁ።

ሦስተኛ፦ በማግሥቱ ያሳውቁ

የታመመ ሰው ከሥራ የሚወጣበት የተለመደው በር ይኸኛው ነው። አሠሪው «ስለታመመ አሰናበትሁት» አይልም፤ «ቀርቷል» ይላል። በአንቀጽ 27 መሠረት በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው አምስት የሥራ ቀናት የቀረን፣ ስለ መቅረቱም በጽሑፍ የተገሠጸን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። በሕመም ፈቃድ ያሳለፉት ቀን ግን መቅረት አይደለም፤ ፈቃድ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ ስላሳወቁ ነው። አንቀጽ 85 እንደሚለው አሠሪው አስቀድሞ ካላወቀ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ ከቀሩበት ቀን ቀጥሎ ባለው ቀን ማሳወቅ አለብዎ።

ኔትወርክ በማይዝበት ቀን በቃል መልእክት መላክ በቂ ይመስላል። አይደለም። ሰው ሲልኩ ወረቀት ያስይዙት፤ ኔትወርክ ሲመጣ ደግሞ ያንኑ በጽሑፍ መልእክት ወይም በቴሌግራም ይድገሙት፤ መልእክቱንም አያጥፉት። ደብዳቤው ይህን ያህል ብቻ ቢል ይበቃል፦

«ለ……… (የድርጅቱ ስም)። ጉዳዩ፦ የሕመም ፈቃድን ስለማሳወቅ። ከ……… ቀን ጀምሮ በሕመም ምክንያት በሥራ ላይ መገኘት አልቻልሁም። ከ……… የተሰጠኝን፣ ከ……… እስከ ……… ቀን ዕረፍት የሚያዝዝ የሕክምና ማስረጃ አያይዣለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 መሠረት የሕመም ፈቃዴ እንዲመዘገብልኝ እጠይቃለሁ። ስም፣ ፊርማ፣ ቀን።»

ሁለት ቅጂ ያድርጉ። አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርምበት፤ ያ ቅጂ የእርስዎ ነው። አልፈርምም ካለ ሲሰጡ ያየ አንድ ሰው ይፈርም። የሕመምዎን ታሪክ በደብዳቤው መተረክ አያስፈልግም፤ ዝርዝሩ በእርስዎና በሐኪሙ መካከል ነው።

አራተኛ፦ የሚከፈልዎትን ያስሉ

የሕመም ፈቃዱ ከታመሙበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ በአንድ ጊዜ ወይም በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ ከስድስት ወር አይበልጥም። ክፍያው በአንቀጽ 86 ነው፦ የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። የኅብረት ስምምነት ወይም የድርጅቱ ደንብ የተሻለ ካለው የተሻለውን ይጠይቁ።

አንድ የሎጅ እንግዳ ተቀባይ እናስብ፤ ደመወዙ 6,000 ብር፣ አገልግሎቱ አራት ዓመት። ስድስት ወር ቢታመም የሚያገኘው 6,000፣ ከዚያ 3,000ና 3,000፣ በጠቅላላው 12,000 ብር ነው። የቀሩት ሦስት ወራት ባዶ ናቸው። ይህ ለእኔ የሕጉ ደካማ ጎን ነው። ከድብርት ማገገም ወራት ይፈልጋል፤ ግማሽ ደመወዝ የቀረለት ሰው ግን ሳይድን ወደ ሥራ ይመለሳል፣ ሲመለስ ይሳሳታል፣ ስሕተቱም ለስንብት ምክንያት ይሆናል። ከሁለተኛው ወር በፊት ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ ምን እንደሚቀነስ መነጋገር ከሚያስጨንቁ ወሬዎች ሁሉ የሚቀድም ወሬ ነው።

ስድስት ወሩ ሊያልቅ ሲል ገና ካልዳኑ ዝም ብለው አይቆዩ። በጽሑፍ ያለ ክፍያ ፈቃድ ይጠይቁ። አሠሪው የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ ከሰጠ ግን ውሉ ታግዶ ይቆያል። በአንቀጽ 34 መሠረት ውሉ በታገደበት ጊዜ አሠሪው የሚሰጠው የስንብት ማስጠንቀቂያ ዋጋ የለውም። ይህን መከታ የሚያውቁ ሠራተኞች ጥቂት ናቸው፤ የፈቀደበትን ደብዳቤ እንደ መሬት ካርታ ይያዙት።

አምስተኛ፦ «ታመሃልና ሂድ» ሲባሉ

መታመም ብቻውን ለስንብት ምክንያት አይሆንም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158፣ በሕመም ምክንያት ለጊዜው ከሥራ መቅረት ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆን በአንቀጽ 6 ይደነግጋል፤ የተቀበልነው ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የእኛው አዋጅ አንቀጽ 28 በጤና ምክንያት ማሰናበትን የሚፈቅደው ሠራተኛው የውል ግዴታውን ለዘለቄታው መወጣት ሲያቅተው ነው፤ ያውም በማስጠንቀቂያ። «ለዘለቄታው» የምትለዋን ቃል ይያዙ። ሐኪም «ለ45 ቀን ይረፍ» ካለ ለዘለቄታው አላለም።

የስንብት ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱንና የሚጸናበትን ቀን መግለጽ አለበት። በስልክ «ነገ እንዳትመጣ» መባል ማስጠንቀቂያ አይደለም። እንዲህ ከተባሉ በማግሥቱ ወደ ሥራ ቦታ ይሂዱ ወይም «በስልክ የተነገረኝ በጽሑፍ ይሰጠኝ» ብለው ይጻፉ። በእጅ ሊያደርሱልዎ ካልቻሉ በሥራው ቦታ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀናት ሊለጥፉት ይችላሉ፤ ስለዚህ በሕመም ፈቃድ አርቦሬ ተኝተው ሳለ የሥራ ባልደረባ ሰሌዳውን እንዲያይልዎ ያድርጉ።

የማስጠንቀቂያው ርዝመት በአንቀጽ 35 ነው። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፤ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፤ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ለሆነው ሦስት ወር። በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ሁለት ወር ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ማስጠንቀቂያው ከደረሰዎ ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሁለታችሁም ግዴታ እንዳለ ይቀጥላል፤ ደመወዝም ይከፈላል። ለተወሰነ ጊዜ የተቀጠሩ፣ በተለይ የፕሮጀክት ሠራተኞች፣ የማስጠንቀቂያው ጊዜ በውላቸው የተስማሙበት ነውና ውሉን ያንብቡ።

አሠሪው «ዛሬውኑ ውጣ» ካለ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ደመወዝ በገንዘብ መክፈል አለበት። ለእንግዳ ተቀባያችን ሁለት ወር፣ 12,000 ብር ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጨቃጭቅ ነገር አለ፦ ሰውየው በግማሽ ክፍያ ወር ላይ ሳለ ሲሰናበት ሒሳብ ክፍሉ ግማሹን መነሻ አድርጎ 6,000 ብር ይጽፋል። ደመወዝዎ በውልዎ ላይ ያለው ነው፤ የፈቃዱ ክፍያ መቀነሱ ደመወዝዎን አልቀነሰውም። ስሌቱ በሙሉ ደመወዝ እንዲሠራ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አለመስማማትዎንም በወረቀቱ ላይ ሳያሰፍሩ አይፈርሙ።

ስድስተኛ፦ ከማስጠንቀቂያው ሌላ ምን ይቀራል?

ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይከፈልዎታል፤ ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የሕመሙን ጊዜ ከዓመት ፈቃድዎ ላይ ቀንሰውት እንደሆነ ይመርምሩ፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

የስንብት ክፍያ ለሁሉ አይደለም። የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰና የጡረታ መብት ለማያገኝ ሠራተኛ፣ በአንቀጽ 39 በተዘረዘሩ ምክንያቶች የሚከፈል ነው፤ ከነሱም ውስጥ ከሕጉ ውጭ መሰናበት፣ በሕክምና ቦርድ የተረጋገጠ ዘላቂ የአካል ጉዳት፣ ቢያንስ አምስት ዓመት አገልግሎ በሕመም ምክንያት ውሉ መቋረጥ አሉበት። መጠኑ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ጡረታ ሲቆረጥብዎ ከነበረ (ከእርስዎ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) ገንዘቡ በእርግጥ ገቢ መደረጉን ከጡረታ መሥሪያ ቤቱ ያረጋግጡ።

የሥራ ልምድ ማስረጃ በነፃ የማግኘት መብት አለዎት፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን ይገልጻል። ገንዘቡ ሁሉ ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ሊወስንልዎ ይችላል። ንብረት አለመመለስዎ ለመዘግየቱ ሰበብ ይሆናልና ቁልፉን፣ የደንብ ልብሱን፣ ሞተር ሳይክሉን በዝርዝር አስፈርመው ያስረክቡ። በተከራከሩበት ክፍያ ምክንያት ያልተከራከሩበትን ሊይዙብዎ አይችሉም፤ ያመኑትን በጊዜው መክፈል አለባቸው።

ክሊራንስ ሲሉ የሚያስፈርሙት ወረቀት ላይ «በስምምነት ለቅቄያለሁ፣ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል መስመር ካለ ቆም ይበሉ። ውል በስምምነት ሲቋረጥ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በሕግ የተሰጠን መብት መተው ግን ዋጋ የለውም። ቢሆንም የፈረሙትን ለማስቀረት ከመሟገት አለመፈረም ይቀላል። ማንበብ የማይችል ዘመድዎ በጣት አሻራ ከመፈረሙ በፊት በቋንቋው የሚያነብለት፣ የሚያምነው ሰው ይኑር።

መልቀቅ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ

ጤናዎን ያጠፋው አለቃው ራሱ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ክብርዎን የሚነካ ወይም በወንጀል የሚያስቀጣ ድርጊት ከፈጸመብዎ፣ ወሲባዊ ትንኮሳ ከደረሰብዎ፣ ወይም ጤናዎን የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን እያወቀ ካላስወገደ፣ አንቀጽ 32 ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጡ ይፈቅድልዎታል፤ ካሳም ያስገኛል። መልቀቂያው ግን «በግል ምክንያት» ማለት የለበትም። የሆነውን ከነቀኑ ይጻፉ። መብቱ ድርጊቱ በተፈጸመ ወይም ባቆመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይቀራል። አዋጁ አንቀጽ 92 ላይ አሠሪው የሥራው ሂደት ሥነ ልቦናዊ ጉዳት እንዳያደርስ እርምጃ እንዲወስድ ያዘዋል፤ ስለዚህ ገና በሥራ ላይ ሳሉ «የሌሊት ፈረቃው በተከታታይ መሆኑ እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ ይስተካከልልኝ» ብለው የጻፉት አቤቱታ ኋላ ዋና ማስረጃ ይሆናል።

ፍርድ ቤት መሄድ ካስፈለገ

አስቀድመው በወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ያለውን የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያነጋግሩ፤ አንድ የስልክ ጥሪው ነገሩን ሊጨርሰው ይችላል። ይህን ሲያደርጉ ግን ይርጋው እየቆጠረ መሆኑን አይርሱ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር፣ የደመወዝና ሌላ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ ይመልስዎታል፤ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠሩ ከሆነ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳና የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ደመወዝ ይወስንልዎታል። ለእንግዳ ተቀባያችን ወሩን በ30 ቀን አካፍለን ብናሰላው 36,000ና 12,000 ብር ነው። ስንብቱ ምክንያት ኖሮት የጎደለው ማስጠንቀቂያው ብቻ ከሆነ ግን የሚያገኙት የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ደመወዝ ነው፤ ክሱን ሲያጽፉ ይህን ልዩነት ለጸሐፊው ያስረዱ።

የሥራ ክርክር የዳኝነት አይከፈልበትም። አርቦሬ በሐመር ወረዳ ስለሆነ፣ የሥራ ቦታዎም እዚያው ከሆነ መነሻዎ ዲመካ ያለው የወረዳው ፍርድ ቤት ነው። የዲመካ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ ይውላል፤ በገበያ ቀን መኪና ይገኛል፣ ቅዳሜ ግን ቢሮ ዝግ ነው፤ ስለዚህ ማክሰኞን ይምረጡ። ውሉን ወይም ፔሮሉን፣ የሕክምና ማስረጃዎቹን፣ ተፈርሞ የተቀበሉትን ቅጂ፣ የስንብት ደብዳቤውንና የምስክሮችን ስም ይያዙ፤ ከሁሉም ፎቶ ኮፒ ያድርጉ። አማርኛው የሚከብድዎት ከሆነ አስተርጓሚ እንዲመደብልዎ ገና ክሱን ሲያስገቡ ይጠይቁ። ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ያዛል። በውሳኔው ካልተስማሙ ይግባኝ የሚሉበት ጊዜ 30 ቀን ነው፤ የውሳኔውን ግልባጭ በተፈረደበት ዕለት ይጠይቁ።